ትንሹ መርዝ፦ ቻይና ሜታዶንን ስትቀበል ሕዝቡ ምን አለ?

ጠዋት ነው። በአንድ የቻይና ከተማ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ሰዎች አንድ መስኮት ፊት ቆመዋል። ተራው የደረሰው ማንነቱን ያሳያል። የዕለቱን ክፍያ ይሰጣል። በትንሽ ኩባያ የተቀዳለትን ፈሳሽ ሠራተኛዋ ዓይኗን ሳትነቅል እዚያው ይጨልጣል። ወደ ቤት ይዞ መሄድ የለም። ነገም መምጣት አለበት፣ ከነገ ወዲያም። ዓመት በዓልም ቢሆን ክሊኒኩ ክፍት ነው፣ እሱም አይቀርም።

ነገሩ ሁሉ ጥቂት ደቂቃ ነው። ከባዱ ከበሩ ውጭ ያለው ነው። ጎረቤት አይቶት ይሆን? የመሥሪያ ቤት ሰው በዚያ ያልፍ ይሆን? ጥግ ላይ የቆመችው መኪና የፖሊስ ትሆን?

ኩባያው ውስጥ ያለው ሜታዶን ነው። የሄሮይን ሱስ ላለበት ሰው የሚሰጥ መድኃኒት ነው። እሱም በላብራቶሪ የተሠራ የሄሮይን የሩቅ ዘመድ ነው። አንጎል ውስጥ የሚያርፈውም ሄሮይኑ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። ልዩነቱ አመጣጡና አቆያየቱ ላይ ነው። ሄሮይን ባንዴ ሽቅብ ያወጣል፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ደግሞ ይጥላል። ከዚያ ላቡ፣ ብርዱ፣ የአጥንት ሕመሙ፣ ማስመለሱ ይመጣል። ሜታዶን ቀስ ብሎ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ይቆያል። ሰውየው አይሰክርም፣ አይንቀጠቀጥም። ሥራ መዋል ይችላል። ጀርመኖች በ1930ዎቹ መጨረሻ ሠሩት። በ1960ዎቹ አጋማሽ ኒው ዮርክ ላይ ለሄሮይን ሱስ ተሞከረ። በ2005 የዓለም ጤና ድርጅት ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። (ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቻይና በ2004 ጀመረችው። አሥር ዓመት ሳይሞላ በዓለም ላይ ትልቅ ከሚባሉት የሜታዶን አገልግሎቶች አንዱ የእሷ ሆነ። መንግሥት ሐሳቡን የቀየረው በአጭር ጊዜ ነው። ሕዝቡ ግን የነበረበት ቆየ። እኔ እንደምረዳው ደግሞ የሕዝቡ አስተያየት ከበሩ ውጭ አልቀረም። ኩባያው ውስጥ ገባ። ይህን የምለው ለማሳመር አይደለም። በሚሊ ግራም የሚለካ ነገር ነው።

ቃሉ ራሱ

ከቋንቋ እንጀምር። እኛ "አደንዛዥ ዕፅ" እንላለን። ያደነዝዛል፣ ግን ዕፅ ነው። ቻይንኛው አይምርም። "ዱ ፒን" ይላል፤ ቃል በቃል "የመርዝ ዕቃ" ማለት ነው። መውሰዱ "ሺ ዱ" ነው፣ መርዝ መሳብ። ማቆሙ "ጂዬ ዱ" ነው፣ መርዝን መተው። ሕፃን ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ ስለዚህ ጉዳይ መጀመሪያ የሚሰማው ቃል መርዝ የሚለው ነው።

እስቲ አስቡት። አንድ የጤና ባለሙያ ይመጣና "ልጅዎ ይህን በየቀኑ ይጠጣ፣ ምናልባትም ዕድሜ ልኩን" ይላል። "ምንድን ነው?" ብላ እናትየው ትጠይቃለች። ያው ከዚያው ወገን ነው። እናትየው ምን ትረዳለች? ትልቁን መርዝ በትንሽ መርዝ ለወጡት። ይህ አባባል በቻይና ስለ ሜታዶን በተደጋጋሚ የሚሰማ ነው። አንዳንዴ በስድብ፣ አንዳንዴ በተስፋ መቁረጥ ይባላል። ሥራውን የሚሠሩት ሰዎች ራሳቸው ሲሉትም ይሰማል።

የሚገርመው ቻይንኛ "መርዝን በመርዝ መምታት" የሚል የቆየ የሕክምና አባባልም አለው። እኛ "እሾህን በእሾህ" እንደምንለው መሆኑ ነው። የባህል ሐኪሞቻቸው ጊንጥና መርዛማ ሥር ለመድኃኒት ሲያውሉ ማንም አይደነግጥም። ስለዚህ ሐሳቡ አዲስ ሆኖባቸው አይደለም። የከበዳቸው እሾሁ ነው። ይህኛው እሾህ ታሪክ አለው።

የታሪኩ ጭነት

በ1839 ሊን ዘሹ የሚባሉ የንጉሠ ነገሥቱ ባለሥልጣን ወደ ደቡብ ወረዱ። የእንግሊዝ ነጋዴዎች ያከማቹትን ከ20,000 ሳጥን በላይ ኦፒየም፣ ሄሮይን የሚወጣበትን የአበባ ጭማቂ፣ ወረሱ። ሁመን በሚባል ቦታ ጉድጓድ አስቆፍረው፣ በጨው ውኃና በኖራ አሟሙተው ወደ ባሕር ለቀቁት። 23 ቀን ፈጀ። እንግሊዝ ጦር ላከች። ቻይና ተሸነፈች። በ1842 የናንጂንግን ውል ፈረመች፤ ሆንግ ኮንግን ሰጠች፣ ካሳም ከፈለች። የቻይና ተማሪ "ዘመናዊ ታሪክ" ብሎ የሚማረው ከዚህ ይጀምራል። ከውርደት። ቤጂንግ ቲያናንመን አደባባይ መሐል የቆመው የሕዝብ ጀግኖች ሐውልት ላይ ካሉት ቅርጾች የመጀመሪያው የሁመኑን ቀን ያሳያል።

እኔ ይህን ስገምት፣ ሌላ አገር ሱሰኛ ሰው ቤተሰቡን ያሳፈረ ሰው ነው። ቻይና ውስጥ በዚህ ላይ አገር ይጨመርበታል። ቻይና "የምሥራቅ እስያ በሽተኛ" ትባልበት የነበረውን ስም እንደገና እንዳመጣ ይቆጠራል።

ሁለተኛው ትዝታ ከድል ነው። በ1950 መጀመሪያ ላይ አዲሱ የኮሚኒስት መንግሥት ኦፒየምን ከለከለ። ያኔ 20 ሚሊዮን የሚደርስ ሰው ይወስድ ነበር ይባላል። ማሳው ተነቀለ፣ ነጋዴው ታሰረ፣ ከፊሉ በአደባባይ ተረሸነ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን አጋለጠ። በሦስት ዓመት ውስጥ "ጸድተናል" ተባለ። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ገደማ አገሪቱ ራሷን ከአደንዛዥ ዕፅ ነፃ ብላ ኖረች።

ይህ ድል ክፉ ትምህርት ትቶ አለፈ ብል አልተሳሳትኩም። መንግሥት ከቆረጠ፣ ሰውም ከጨከነ፣ ሱስ ይጠፋል የሚል ትምህርት። አያቶቻችን በሦስት ዓመት ከተዉት የአንተ ሰበብ ምንድን ነው? በዚህ ሚዛን ሜታዶን መጠጣት ሕክምና ሊሆን አይችልም። እጅ መስጠት ነው።

በሩ ሲከፈት

በ1980ዎቹ ቻይና በሯን ከፈተች። ንግድ ገባ፣ ሄሮይንም አብሮ ገባ። መንገዱ ከምያንማር ተነስቶ በደቡብ ምዕራቡ ዩናን ክፍለ ሀገር ያልፋል። በ1989 ሩይሊ በምትባል የጠረፍ ከተማ በመርፌ ሄሮይን ከሚወስዱ ሰዎች መካከል 146 ሰው ኤች አይ ቪ ተገኘበት። መርፌ ተዋውሰው ነው። በ1990 በፖሊስ መዝገብ የሰፈሩት ተጠቃሚዎች 70,000 ነበሩ። በ2003 ከ1 ሚሊዮን አለፉ። በዚያ መካከል ቫይረሱ በሁሉም ክፍለ ሀገሮች ታይቷል።

መልሱ የሚታወቀው መልስ ነበር። ያዝ፣ አስገባ። ለጥቂት ወር በግዳጅ ሱስ ማስተው። ካገረሸበት "በሥራ የመታረም" ካምፕ፣ እስከ ሦስት ዓመት። ሲወጣ አብዛኛው ይመለስበታል። ቻይናውያን ራሳቸው "አንድ ቀን መርዝ ከሳብክ አሥር ዓመት ስትተው፣ ዕድሜ ልክህን ስትመኘው" የሚል አባባል አላቸው። ፖስተር ላይም ይለጠፋል። የተለጠፈው ወጣቱን ለማስፈራራት ነው። ግን ልብ ብላችሁ ካነበባችሁት የሐኪም ቃል ይመስላል፤ ሱስ የሚመላለስ የረጅም ጊዜ ሕመም ነው እያለ ነው። ከዚያው አባባል ሁለት ድምዳሜ መውሰድ ይቻላል። አንዱ "ስለዚህ ረጅም ሕክምና ያስፈልገዋል" የሚል ነው። ሌላው "ስለዚህ ይህ ሰው አይታመንም" የሚል። ሕዝቡ የያዘው ሁለተኛውን ነው።

በ2003 ሳርስ የሚባለው ተላላፊ የሳንባ በሽታ መጣ። ቻይና መጀመሪያ ደበቀችው፣ በኋላ ዋጋ ከፈለችበት። የጤና ሚኒስትሩ ተነሡ፣ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሯ ዉ ዪ ቦታውን ደርበው ያዙ። በሽታን መደበቅ እንደማያዋጣ ገባቸው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 1 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ዌን ጂያባዎ ቤጂንግ ዲታን ሆስፒታል ገብተው በቴሌቪዥን ፊት የኤድስ ሕሙማንን ጨበጡ። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን እስከዚያ ድረስ በዚያ ሥልጣን ደረጃ ያለ ሰው አላደረጋትም። ከጀርባ እንደ ዉ ዙንዮ ያሉ የወረርሽኝ ባለሙያዎች ለዓመታት ሲወተውቱ ቆይተዋል። (በኋላ በኮቪድ ጊዜ በመግለጫ ላይ ብዙ ሰው ያወቃቸው ናቸው፤ በ2023 አረፉ።) የእሳቸውና የመሰሎቻቸው ክርክር ስለ ርኅራኄ አልነበረም። ስለ ሂሳብ ነበር። መርፌው ካልቆመ ቫይረሱ አይቆምም።

ብልህ ክርክር ነበር፤ ባለሥልጣኑን አሳምኗል። ግን ሰፈሩን የሚያሳምን ክርክር አልነበረም። የሰፈር ሰው በኤች አይ ቪ ስርጭት ግራፍ ምን ያደርጋል?

ስምንቱ ክሊኒኮች

በ2004 የመጀመሪያዎቹ ስምንት ክሊኒኮች በአምስት ክፍለ ሀገሮች ተከፈቱ፤ ዩናን፣ ሲቹዋን፣ ጉይጆ፣ ጓንግሺና ጄጂያንግ። ከቦታዎቹ አንዷ ገጂዩ ናት። ዩናን ውስጥ ያለች፣ በቆርቆሮ ማዕድን የከበረች ከተማ። ጠቅላላ ሕይወቷ ማዕድኑ ነበር። በኋላ ማዕድኑ እየተሟጠጠ መጣ፤ በ2008 መንግሥት ሀብታቸው አልቋል ብሎ ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ ከተሞች አንዷ ሆነች። ሄሮይን እንደዚህ ያለ ከተማ ይወዳል። ወንዶች፣ ደመወዝ፣ አድካሚ ሥራ፣ ከዚያ ደግሞ ሥራ ማጣት።

ፈቃዱን ሦስት መሥሪያ ቤቶች ፈረሙ። የጤናው፣ የመድኃኒት ቁጥጥሩና የፖሊሱ። የፖሊስ ፊርማ ባይኖር አንድም ክሊኒክ አይከፈትም ነበር። በኋላ የመጣው ጣጣም ከዚሁ ፊርማ ነው፣ እመለስበታለሁ።

የመግቢያው መስፈርት ራሱ አንድ ታሪክ ነው። ዕድሜው 20 የሞላ። የአካባቢው ቋሚ ነዋሪነት ምዝገባ ያለው። ከዚህ በፊት ሱሱን ለመተው ደጋግሞ ሞክሮ ያቃተው። ቢያንስ አንድ ጊዜ ደግሞ ካምፕ የገባ። በአጭሩ፣ መታከም ከፈለግህ መጀመሪያ መታሰርህን አስረዳ። ኤች አይ ቪ ያለበት ብቻ ከዚህ ከፊሉ ይቀርለት ነበር። ሜታዶን የተፈቀደው "ሌላው ሁሉ አልሆነለትም" ለተባለ ሰው ነው። ገና ሲጀመር የመጨረሻ አማራጭ ተደርጎ ነው የተዋወቀው። ሰፈሩም እንደዚያው ተረዳው። እዚያ መስኮት ፊት የሚቆም ሰው ያለቀለት ሰው ነው። በ2006 መስፈርቱ ላላ፣ የካምፑ ነገር ቀረ። የወጣ ስም ግን እንደ መስፈርት በደብዳቤ አይሻርም።

ውጤቱስ? ጥሩ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ በመርፌ ይወስዱ የነበሩት ከ69.1 በመቶ ወደ 8.8 በመቶ ወረዱ። ሥራ ያላቸው ከ22.9 በመቶ ወደ 40.6 በመቶ ወጡ። ወንጀል ሠርቻለሁ የሚሉት ከ20.7 ወደ 3.6 በመቶ ዝቅ አሉ። ከቤተሰቤ ጋር ተስማምቻለሁ ያለው ሰው ከ46.8 ወደ 65.8 በመቶ ደረሰ። ቁጥሮቹ ሰዎቹ በራሳቸው አንደበት ከተናገሩት የተሰበሰቡ ናቸው፤ ጥለው የሄዱት ሰዎች ቃል እዚህ የለም። ያንን ቀንሳችሁም ብታነቡት ለውጡ ትልቅ ነው።

ከዚያ ሩጫ ሆነ። በ2006 መጨረሻ 320 ክሊኒክ። በ2007 መጨረሻ 503። በ2009 መጨረሻ 680። በ2012 ከ750 በላይ ሆኑ፤ ከተጀመረ አንሥቶ የተመዘገበው ሰው 384,000 ደረሰ፣ በዚያን ጊዜ በመታከም ላይ የነበረው ከ200,000 በላይ ነበር። ክሊኒክ መድረስ ለማይችሉ መንደሮች በመኪና የሚዞር አገልግሎት ሁሉ ተጀመረ። የአገሪቱ ባለሙያዎች በ2009 ብቻ 3,919 አዲስ የኤች አይ ቪ ኢንፌክሽን ቀርቷል፣ 22.4 ቶን ሄሮይን ሳይወሰድ ቀርቷል ብለው ገመቱ። ሚኒስትር የሚያስፈግግ ቁጥር ነው።

"እስከ መቼ ነው የምትጠጣው?"

ክሊኒኩ ውስጥ ሌላ ታሪክ ነበር። የሚመጣው ሰው ቶሎ ይሄዳል። ብዙ ቦታ ግማሽ የሚጠጋው ዓመት ሳይሞላው ያቋርጣል። ለምን? ክፍያው አንዱ ነው። በቀን ቢበዛ 10 ዩዋን። ትንሽ ይመስላል፤ በወር 300 ነው። ከማዕድን ሥራ ለተባረረ ሰው ቀላል አይደለም። በየቀኑ መመላለሱም አለ። ማለዳ ፈረቃ ያለው ሰው ምን ያድርግ? ለሥራ ሌላ ከተማ መሄድስ?

እኔን ያስቆመኝ ግን የመጠኑ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለብዙው ሰው በቀን ከ60 እስከ 120 ሚሊ ግራም ይመክራል። ከዚያ ያነሰ ሲሆን ሕመሙ ሙሉ በሙሉ አይቆምም፣ ማታ ላይ ሄሮይኑ ይጠራል። የቻይና ክሊኒኮች አማካይ መጠን ለዓመታት ከ60 በታች ነው የቆየው። ብዙ ቦታ 40 እና 50 አካባቢ። መጠኑ ያነሰበት ሰው ቶሎ እንደሚያቋርጥ ደግሞ የራሳቸው ጥናቶች በተደጋጋሚ አሳይተዋል።

እጥረት ነው? አይደለም። ሜታዶኑ አለ። ነገሩ ወዲህ ነው። ሐኪሙ "ልጨምርልህ" ሲል ሕመምተኛው "ኧረ ቀንስልኝ" ይላል። ከፍ ያለ መጠን የከፋ ሱስ ማለት ነው ብሎ ያስባል። "ትንሹ መርዝ" ትንሽ ሆኖ እንዲቆይ ይፈልጋል። ሐኪሙም ብዙ ጊዜ ከልቡ አይከራከርም። ከሠራተኞቹ መካከል ሜታዶን ለጥቂት ወር ተወስዶ የሚተው፣ ሱስ ማስተዊያ መሸጋገሪያ ነው ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ነበሩ። ሥልጠናው አጭር ነበር፤ ክሊኒኮቹ በሩጫ ነው የተከፈቱት። አንዳንዱ ሠራተኛ ራሱ እዚያ መመደቡን ለጎረቤት አይናገርም። የአደጉበትን እምነት በአጭር ሥልጠና ማን ያወልቃል?

ቤተሰቡ ደግሞ ሁሉንም ይቋጨዋል። ቻይና ውስጥ ሱሰኛ ብቻውን አይታመምም። የሚከፍሉት እናትና አባት ናቸው፤ በጡረታቸው። መጀመሪያ ላይ ደስ ይላቸዋል። ልጁ በሰዓቱ ይገባል፣ ዕቃ አይሰርቅም፣ ይበላል። አባት ለመጀመሪያ ጊዜ ቦርሳውን ጠረጴዛ ላይ ይተዋል። ስድስት ወር ያልፋል። ከዚያ ጥያቄው ይጀመራል። "እስከ መቼ ነው የምትጠጣው?" ተሽሎህ የለም እንዴ? ለምን አሁን አትተወውም?

ክፋት የለበትም። ፍቅር ነው። ግን ጥያቄው ሜታዶንን እንደ አንቲባዮቲክ ይቆጥረዋል። ኮርሱ ያልቃል፣ ሰውየው ይድናል። ሐኪሙ የሚያስበው እንደ ስኳር በሽታ መድኃኒት ነው። መሻሉ መድኃኒቱን ስለወሰደ ነው። ሁለቱ አስተሳሰቦች አንድ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ያወራሉ። ልጁ የእናቱን ፊት አይቶ መጠኑን ያስቀንሳል። ከ50 ወደ 30፣ ከ30 ወደ 15። አንድ ማታ አጥንቱን ይቆረጥመዋል። የድሮ ጓደኛ ስልክ ቁጥር በቃሉ ነው። ሲመለስበት ሰፈሩ "ይኸው፣ ሜታዶን አይሠራም" ይላል።

የሕዝቡ አስተያየት ኩባያው ውስጥ ገባ ያልኩት ይህንን ነው። ማንም ክሊኒኩን አልዘጋም። ማንም ድንጋይ አልወረወረም። በ20 ሚሊ ግራም ቀነሱት፣ በቃ።

ሆንግ ኮንግን ሳታነሡ ይህን ጉዳይ መጨረስ አይቻልም። እዚያም ቻይናውያን ናቸው፣ እዚያም የኦፒየሙ ታሪክ አለ፣ እንዲያውም የባሰ። ሜታዶን ግን ከ1972 ጀምሮ አለ፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ ተስፋፋ። ለነዋሪ አንድ የሆንግ ኮንግ ዶላር፣ ያለ ብዙ ጥያቄ። በመርፌ ከሚወስዱት መካከል ኤች አይ ቪ በጣም ዝቅተኛ ሆኖ ቆየ። እዚያም ሰው ክሊኒኩን አይወደውም፤ "ሰፈራችን አይሁን" የሚለው ሞልቷል። ግን ሜታዶን ለመጠጣት ሲል መስኮቱ ላይ የደረሰ ሰው በፖሊስ መዝገብ አይጠበቅም። ስለዚህ የባህል ጉዳይ ነው ብሎ መደምደም አያስኬድም። ከባህሉ ጀርባ ማን ቆሟል የሚለው መታየት አለበት።

ፖሊሱና መስኮቱ

ወደ ፊርማው ልመለስ። ቻይና ውስጥ አደንዛዥ ዕፅ መውሰድ በራሱ በወንጀል ሕግ አያስከስስም። አስተዳደራዊ ጥፋት ነው፤ እስከ 15 ቀን እስር፣ ከዚያም ሱሰኛ ነው ከተባለ ሌላው ሂደት። በ2008 ሥራ ላይ የዋለው የፀረ ዕፅ ሕግ ቋንቋውን አለሰለሰ። ሱሰኛ መታገዝ ያለበት ሰው ነው አለ። ሜታዶንንም በሕግ አወቀው። በዚያው ሕግ ውስጥ ግን የሁለት ዓመት የግዳጅ ማቆያ አለ፣ ሊራዘምም ይችላል። ውሳኔውን የሚሰጠው ፖሊስ ነው፣ ፍርድ ቤት አይደለም። የድሮዎቹ ካምፖች በ2013 መጨረሻ በሕግ ቀሩ፤ የግዳጅ ማቆያው ግን ቀጠለ።

ፖሊስ ደግሞ የያዘውን ሰው ቁጥር ለአለቃው ያቀርባል። ታዲያ ሱሰኛ በእርግጠኝነት የት ይገኛል? ክሊኒኩ በር ላይ። ባለሙያዎች ይህንን ደጋግመው መዝግበውታል። ፖሊስ አካባቢው ላይ ቆሞ ሽንት ያስመረምራል፣ ሄሮይን የተገኘበትን ይወስዳል። ወሬው ሲዳረስ በማግሥቱ ሰልፉ ይሳሳል። ጥሩ የሠሩ ከተሞችም ነበሩ። ፖሊሱ ከክሊኒኩ ጋር ተስማምቶ ከበሩ የራቀበት ቦታ ሰው ይበረክታል። ይህ ግን በአንድ አዛዥ መልካም ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነገር ነው።

መዝገቡም አለ። በ2000ዎቹ አጋማሽ ፖሊስ የተመዘገቡ ተጠቃሚዎችን በመታወቂያ ቁጥራቸው የሚከታተልበት ሥርዓት ዘረጋ። ሰውየው ከአምስት ዓመት በፊት ተይዟል እንበል። አሁን ንጹሕ ነው። ሚስቱን ይዞ ለጉብኝት ሌላ ከተማ ይሄዳል። ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ መታወቂያውን ይሰጣል። ትንሽ ቆይቶ ክፍሉ ይንኳኳል። ፖሊሶች ናቸው፣ ሽንት ስጥ ይላሉ። ሚስቱ አታውቅም ነበር እንበል። አሁን አወቀች።

ከዚህ በኋላ ጎረቤቱን "አታግልለው" ማለት ዋጋ የለውም። ጎረቤቱ መንግሥት የሚያደርገውን ያያል። ፖስተሩ "ሕመምተኛ ነው" ይላል፤ መታወቂያው ደግሞ "ተጠርጣሪ ነው" ይላል። ሰው የሚያምነው መታወቂያውን ነው። እኔም እዚያ ብኖር የማምነው እሱን ይመስለኛል።

ስሜቱ ሳይበርድ

በነሐሴ 2014 የጃኪ ቻን ልጅ ቤጂንግ ውስጥ በማሪዋና ተያዘ። አባትየው በቻይና የፀረ ዕፅ ዘመቻ አምባሳደር የነበረ ሰው ነው። በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ። በዚያው ወር በርካታ የቤጂንግ የጥበብ ተቋማት ዕፅ የወሰደ አርቲስት አናሠራም ብለው ፈረሙ። ሕዝቡ አጨበጨበ።

ከጭብጨባው ጀርባ ያለው መከራከሪያ ቀልድ አይደለም። በቻይና የፀረ ዕፅ ፖሊሶች ፊት በቴሌቪዥን ይሸፈናል፤ ቤተሰባቸው እንዳይጠቃ። ፊታቸው በግልጽ የሚታየው ሲሞቱ ነው ይባላል። "አንተ የምትስበው እነዚህ የሞቱበትን ነው፤ አንተን ይቅር ማለት እነሱን መካድ ነው" የሚል ክርክር በየጊዜው ኢንተርኔቱን ይሞላዋል። ሐዘን አለበት፣ እውነትም አለበት። ግን በዚህ ሚዛን ላይ ገጂዩ ውስጥ የተባረረ የማዕድን ሠራተኛና ቤጂንግ ቪላ ውስጥ ያለ የኮከብ ልጅ እኩል ይመዘናሉ። ለሕክምና የሚሆን ቦታ እዚያ ላይ አይተርፍም።

በ2025 ደግሞ የተሻሻለ የሕዝብ ጸጥታ ቅጣት ሕግ ጸደቀ፤ ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ የሚሠራ። አንዱ አንቀጽ የአነስተኛ ጥፋቶች መዝገብ እንዲታሸግ ያዛል፤ ቀጣሪ እንዳያየው። ዕፅ መውሰድም እዚያ ውስጥ አለ። ሕግ አዋቂዎች ተገቢ ነው አሉ፤ ሰው ለአንድ ጥፋት ዕድሜ ልኩን ሥራ ሊከለከል አይገባም። ኢንተርኔቱ ግን ነደደ። "የየትኛው ጌታ ልጅ ተይዞ ነው?" የሚል ፌዝ ተዛመተ። ሕጉ የወጣው ለሀብታም ልጆች ነው ማለታቸው ነው። በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ የሜታዶኑ መስኮት ፊት የሚቆመውን ሰው ያነሣው ጥቂት ነው። ከሁሉ በላይ መዝገቡ ያሠረው እሱን ነበር።

እስከዚያው ክሊኒኮቹ ሳስተዋል። ወጣቱ ከሄሮይን ወደ "አይስ" ዞረ፤ ሜታምፌታሚን ማለት ነው። ለእሱ ደግሞ ሜታዶን አይሠራም። በ2018 መጨረሻ በአገሪቱ መዝገብ ላይ ከነበሩት 2.4 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች ከግማሽ በላይ የአይስ ነበሩ። በ2023 መጨረሻ ጠቅላላው ቁጥር ከ900,000 በታች ወረደ። የመንግሥት ሪፖርት ይህን እንደ ድል ይዘግበዋል፣ ድልም ነው።

መስኮቱ ፊት የቀሩት ያረጁት ናቸው። በሃያዎቹ ዕድሜያቸው ጀምረው አሁን ሃምሳውን ያለፉ። እናቶቻቸው ከፊሎቹ ሞተዋል። "እስከ መቼ?" ብሎ የሚጠይቃቸው እየጠፋ ነው። ሐኪሙ አሁንም አንዳንዴ ልጨምርልህ ይላል፤ አሁንም ብዙው ሰው እንዳለ ይሁን ይላል፣ ይጠጣል፣ ኩባያውን ይመልሳል፣ ግራ ቀኙን አይቶ ይወጣል።